አሰልጣኙ ይነሱ ያልን ጊዜ

በዚያ ዓመት ከጥቅምት እስከ የካቲት የኮሌጃችን የቅርጫት ኳስ ቡድን ያሸነፈው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱንም በፎርፌ። የተጋጣሚዎቻችን አውቶቡስ መንገድ ላይ ተበላሽቶ ሳይመጡ ቀሩና ዳኛው ሰዓቱን አይቶ ፊሽካውን ነፋ። እኛ ደጋፊዎች ባዶ ሜዳ እያየን አጨበጨብን። አሰልጣኙ አላጨበጨቡም። ኳሶቹን በመረብ ከረጢት ሰብስበው ትከሻቸው ላይ ጣሉና ወደ ዕቃ ቤቱ ሄዱ።

ጊዜው የደርግ መጨረሻ ዓመታት ነው። ኮሌጁ ከቦሌ መንገድ ገባ ብሎ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው ብዙም ሳይርቅ የነበረ፣ የጽሕፈትና የሒሳብ ሥራ የሚያስተምር ትንሽ ኮሌጅ ነበር። ሜዳው ሲሚንቶ ነው። የአንደኛው ቅርጫት መረብ ተበጥሶ ስለወደቀ ኳሷ ገባች አልገባች የሚለው ጭቅጭቅ አያልቅም። ከአጥሩ ማዶ እስከ ገርጂ ድረስ የጤፍ ማሳ ነበር፤ በታኅሣሥ ሲወቃ እብቁ በነፋስ እየመጣ ተጫዋቾቹ ዓይን ውስጥ ይገባል። አውሮፕላን በላያችን ሲያልፍ ደግሞ የዳኛውም የአሰልጣኙም ድምፅ አይሰማም። ተጫዋቾቹ ኳሷን ይዘው ይቆማሉ፤ ድምፁ እስኪርቅ ሁላችንም ወደ ላይ እናያለን። ያን ዓመት ከሚያልፉት ብዙዎቹ ወታደር ጭነው ወደ ሰሜን የሚሄዱ ነበሩ። ካለፉ በኋላ ዓይናችንን እናወርዳለን፤ ጨዋታው ይቀጥላል።

እኔ ስለ ቅርጫት ኳስ የማውቀው ነገር ቢኖር ከወንድሜ የመጣ ነው። በሁለት ዓመት ይበልጠኛል። እኔ ኮሌጁ ስገባ እሱ የሁለተኛ ዓመት ተማሪና የቡድኑ ተሰላፊ ነበር። ቦታው ግራ ጥግ ነው። ኳሷ ከመሃል ወደ ግራ ጥግ ትወረወራለች፤ እሱ እዚያ ቆሟል፤ ሳያያት የሚቀበላት ይመስላል፤ ዘለል ይልና ይለቃታል። አብዛኛውን ጊዜ ትገባለች። ስትገባም እንደ ሌሎቹ አይጮህም፤ ካልሲውን ወደ ላይ ይስባል።

ሰኔ ላይ፣ አንድ ቅዳሜ ረፋድ፣ እናቴ ላምባ እንዲያመጣ ላከችው። መገናኛ አጠገብ ካለው ማደያ ሰልፍ ላይ ቆሞ ሳለ አፈሳ መጣ። ሁለት ካሚዮን ሙሉ ወጣት ጭነው ሄዱ አሉ። ጀሪካኑን ሰልፉ ላይ ከኋላው ቆማ የነበረች የሰፈራችን ሴት ይዛልን መጣች፤ ወረፋው ሲደርስ ላምባውን አስቀድታለት ነበር። እናቴ «እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ተቀበለቻት። ሴትየዋ ከሄደች በኋላም በሩ ላይ ጀሪካኑን እንደያዘች ብዙ ቆመች። ከሦስት ሳምንት በኋላ በአንድ ቁራጭ ወረቀት «ደህና ነኝ፤ ማሠልጠኛ ገብቻለሁ፤ እንዳትመጡ» የሚል መልእክት ደረሰን። ከዚያ ወዲያ ምንም አልመጣም።

መስከረም ላይ ኮሌጁ ሲከፈት ከአምስቱ ቋሚ ተሰላፊዎች ሦስቱ አልነበሩም። አንደኛው ወንድሜ ነው። ረጅሙ የመሃል ተጫዋች በቀበሌው በኩል ለውትድርና ተመልምሎ ሄዷል። ሦስተኛው ክረምቱ መሃል ላይ ጠፋ፤ በእግሩ ወደ ኬንያ ሄደ የሚሉ ነበሩ፤ የሚሉትም ግራ ቀኝ አይተው ነው። ስለ ሦስቱም የሚባለው አንድ ቃል ነበር፤ «የሉም»። የት ሄዱ ተብሎ አይጠየቅም።

እኔ ግን ሐሙስ ሐሙስ ከአሥር ሰዓት በኋላ ሜዳው ዳር ካለው የድንጋይ ደረጃ ላይ መቀመጤን አልተውኩም። ናፍቆት ነው ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ። እውነቱ ሌላ የምሄድበት ቦታ ስላልነበረኝ ነው። ቤት ብገባ እናቴ አለች። እናቴ ልጅ ሆና ከትግራይ የመጣች ሴት ናት፤ ከጎረቤታችን ጋር በትግርኛ ስታወራ ሳቋ እስከ መንገዱ ይሰማ ነበር። ያን ዓመት ትግርኛውንም ሳቁንም ተወችው። ራት እንበላለን፣ ሳህን ይታጠባል፣ ሬዲዮ ይከፈታል። ዘፈን ሲሆን እንሰማለን፤ ዜና ሲጀምር ትዘጋዋለች። አላለቀስኩም። ጎረቤቶች «ጠንካራ ልጅ ናት» ይሉ ነበር። ጥንካሬ አልነበረም። ሰው እግሩ ላይ ብዙ ተቀምጦ ሲነሳ እንደሚሆነው ነው፤ ይራመዳል፣ መሬቱ ግን አይሰማውም።

ከጨዋታ በኋላ ደጋፊዎች የምንሰበሰበው ከኮሌጁ በር ፊት ለፊት ካለች ሻይ ቤት ነው። ባለቤቷ ከወሎ የመጣች ሙስሊም ሴት ናት፤ ሁላችንም እትዬ እንላታለን። አንድም ጨዋታ አይታ አታውቅም፤ ቢሆንም ማን ስንት እንዳገባ፣ ማን እንደ ሰነፈ ከእኛ ክርክር ሰምታ በቃሏ ታውቀዋለች።

ከሁላችንም ድምፁ የሚሰማው የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ነበር። ቀኑን ሙሉ «ዝም በሉ! ዝም በሉ!» እያለ የሚውል ሰው ሐሙስ ሲደርስ ሜዳ ዳር ቆሞ ጉሮሮው እስኪዘጋ ይጮኻል። ዓርብ መጽሐፍ ስንዋስ የሚያናግረን በእጁ ምልክት ነው። የዘወትር ተከራካሪው ደግሞ የክፍል ጓደኛዬ ነው፤ ቡድኑ ውስጥ ለመግባት ሁለት ጊዜ ሞክሮ አሰልጣኙ ሁለቴ የመለሱት ቀጭን ልጅ። ለእሳቸው የሚከራከረው ግን እሱ ነበር።

በየካቲት መጀመሪያ ከአንድ የፋብሪካ ቡድን ጋር ተጫውተን ክፉኛ ተሸነፍን። ሻይ ቤት ስንገባ የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ኮፍያውን ጠረጴዛው ላይ ወረወረው።

«ጋሼ መነሳት አለባቸው» አለ። አሰልጣኙን ሁላችንም ጋሼ ነበር የምንላቸው። «እወዳቸዋለሁ። እሳቸው ሲጫወቱ በልጅነቴ አጥር ላይ ተንጠልጥዬ ያየሁ ሰው ነኝ። ግን በቃ፣ ጊዜያቸው አልፏል።»

«ማን ይተካል?» አለ የክፍል ጓደኛዬ።

«ውጭ አገር ስፖርት ተምሮ የመጣ ወጣት አለ አሉ። አንድ መሥሪያ ቤት ቁጭ ብሎ ወረቀት ያገላብጣል።»

«ማንም ቢመጣ ያው ነው። ማንን ያሰልፋሉ?»

«ያሉትን!»

«ያሉትማ ኳስ መያዝ የማይችሉ የአንደኛ ዓመት ልጆች ናቸው። አምስት ሰው ነበራቸው፤ ሦስቱ…» አለና አየኝ።

«ሦስቱ ምን?»

«ሦስቱ የሉም።»

እትዬ ምድጃው ላይ ወዳለው ማንቆርቆሪያ ዞር አለች።

«ስለሌለ ሰው አናወራም» አለ የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ጨዋታ ባለ ሰው ነው።» ከዚያ ብርጭቆዎቻችንን እየሰበሰበ ጠረጴዛው ላይ ደረደራቸው። «እስቲ እዩ። ይሄ መሃል ተጫዋቹ ነው። ይሄ ቀኝ ክንፍ። ኳሷ ከመሃል ትነሳና ወዴት ትሄዳለች? ወደ ግራ ጥግ! ግራ ጥግ ማን አለ?» ጣቱን ባዶው የጠረጴዛ ላስቲክ ላይ መታ መታ አደረገ። «ማንም! ዘንድሮ ሙሉ ኳስ ወደ ባዶ ጥግ እየወረወርን ለተጋጣሚ እናስረክባለን። ተተኪው ልጅ እዚያ በሰዓቱ ደርሶ አያውቅም። አሰልጣኝ ይሄን አምስት ወር ሙሉ ያያል? አይቶስ ዝም ይላል?»

የክፍል ጓደኛዬ ባዶውን ላስቲክ አየ። እውነት ነበራ። ሁላችንም አይተነዋል። ኳሷ ወደ ግራ ጥግ ትበራለች፤ ማንም አይነካትም፤ መስመሩን አልፋ አጥሩ ስር ትቆማለች፤ ጋሼ እጃቸውን አጣምረው ይመለከታሉ። እዚያ ማን ይቆም እንደነበር ጠረጴዛው ዙሪያ የማያውቅ ሰው አልነበረም።

«አንቺስ?» አለኝ የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ። «ዝም አልሽ። ምን ትያለሽ?»

«ይነሱ» አልኩ።

ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ምንም አልከበደኝም። የክፍል ጓደኛዬ ቀና ብሎ አየኝና መልሶ አቀረቀረ።

ለምን እንዳልኩ ለዓመታት አስቤበታለሁ። ያን ጊዜ በልቤ የያዝኩት ነገር ነበር። ጋሼ ኳሷን ወደ ግራ ጥግ የሚያስወረውሩት ወንድሜን እየጠበቁ ነው ብዬ አምኜ ነበር። መሄዱን እንዳልተቀበሉ፣ አንድ ሐሙስ ከዚያ ጥግ ብቅ የሚል እየመሰላቸው ነው ብዬ። ማንም ሳይነግረኝ ራሴ የደረስኩበት ነገር ነው። እንዲህ ካሰብኩ ላዝንላቸው በተገባ። እኔ ግን የፈለግሁት እንዲያቆሙ ብቻ ነው፤ ሰው የሚያንጠባጥብ ቧንቧ እንዲዘጋለት እንደሚፈልገው።

ደብዳቤውን የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ጻፈው። በማግስቱ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ዋለና ደረጃው ላይ ከምንቀመጠው አብዛኞቻችን ፈረምን። የክፍል ጓደኛዬ አልፈረመም። እትዬ ሻይ እየቀዳችልኝ «ፈረምሽ?» አለችኝ።

«አዎ።»

«እኔ እንግዲህ ኳስ አላውቅም» አለች። «ሰውዬው ግን ጠዋት ጠዋት በዚህ ሲያልፉ ቆመው ልጆቼን አንድ በአንድ እየጠሩ ነው ደህንነታቸውን የሚጠይቁኝ።»

ሻዩን ጠጣሁ።

የኮሌጁ የስፖርት ኮሚቴ ጉዳዩን ለረቡዕ ከሰዓት ቀጠረው። ረቡዕ ከሰዓት የፖለቲካ ውይይት ጊዜ ነው፤ መመገቢያ አዳራሹ ውስጥ ወንበር ይደረደራል፣ ስም ይጠራል፣ የቀረ ይጠየቃል። ስለዚህ አዳራሹ ግጥም ብሎ ሞላ፤ ኳስ አይቶ የማያውቀውም መጥቷል። ሊቀመንበሩ ከወጣቶች ማኅበሩ የመጣ፣ ሁልጊዜ ካኪ የሚለብስ ሰው ነበር። ጋሼ ፊት ካለው አግዳሚ ላይ ለብቻቸው ተቀምጠዋል። ሰማያዊ ቱታቸውን ነው የለበሱት፤ ፊሽካቸው አንገታቸው ላይ አለ፤ ከልምምድ ተጠርተው የመጡ ይመስለኛል።

የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ደብዳቤውን አነበበ። ሻይ ቤት ውስጥ የሰማሁት ሰውዬ አልመስል አለኝ። «የቡድኑ ውጤት ማሽቆልቆል»፣ «ኋላ ቀር የአሠራር ስልት»፣ «ለሂስ ዝግጁ ያለመሆን» የሚሉ ቃላት ነበሩበት። «እወዳቸዋለሁ» የሚለው አልነበረም። ሲጨርስ ማንንም ሳያይ ተቀመጠ።

ሊቀመንበሩ ወደ ጋሼ ዞረ። «ጓድ አሰልጣኝ፣ ግለ ሂስዎን ያቅርቡ።»

ጋሼ ተነሱ። ረጅም ሰው ነበሩ፤ ጉልበታቸውን ያማቸው ስለነበር ሲነሱ አግዳሚውን ይደገፋሉ።

«የተባለው እውነት ነው» አሉ። «እየተሸነፍን ነው። እኔ የማውቀውን አሰልጥኛለሁ። ከዚህ ሌላ አላውቅም።»

«ምክንያቱን ያብራሩ እንጂ።»

«ምክንያቱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ።»

አዳራሹ ጸጥ አለ። ያን ዘመን ያልኖረ ሰው ይሄን ጸጥታ እንዴት እንደምነግረው አላውቅም። ሰው አይተነፍስም ማለት አይደለም፤ ይተነፍሳል፤ ግን እያንዳንዱ የራሱን ትንፋሽ እየሰማ ነው። ጋሼ ከሦስቱ የአንዱን ስም ቢጠሩ፣ የት እንዳለ ቢናገሩ፣ ነገሩ የኳስ መሆኑ ያበቃል። ሊቀመንበሩ ወረቀቱን አየ፤ ብዕሩን ከፈተ፤ ዘጋ።

«የሥልጠና ጉድለት ማለትዎ ነው» አለ።

ጋሼ ትንሽ አዩት።

«የሥልጠና ጉድለት ነው፤ አይደል?»

«አዎ» አሉ። «የሥልጠና ጉድለት።»

ሊቀመንበሩ ጻፈው። ያን ጊዜ የጠላሁት ሰው ነበር፤ ዛሬ ሳስበው ያን ዕለት ሰውየውን ያዳናቸው ይመስለኛል። ያውቅ ነበር አያውቅ፣ ጠይቄው አላውቅም።

«እንዲነሱ የምትደግፉ እጅ አውጡ።»

እጄን አወጣሁ። ሦስተኛው መደዳ ላይ ነበርኩ። አጠገቤ የተቀመጠው የክፍል ጓደኛዬ ሁለት እጆቹን ጭኖቹ ስር ከቶ ተቀምጦባቸዋል። ጋሼ ዞር ብለው በእጆቻችን ላይ ዓይናቸውን አሳለፉ። ቁጣ አላየሁባቸውም። ተጫዋቾቹን ይዘው ሌላ ቦታ ሲሄዱ አውቶቡስ ውስጥ ሁሉም መግባቱን እንደሚያረጋግጡት ዓይነት አስተያየት ነበር። ከዚያ ፊሽካቸውን ከአንገታቸው አውልቀው ሊቀመንበሩ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡት። ማንም አላዘዛቸውም።

ከሥራ አላስወጧቸውም። ዕቃ ቤቱ ውስጥ መደቧቸው፤ ኳስ ያወጣሉ፣ ኳስ ያስገባሉ፣ ያስፈርማሉ።

አዲሱ አሰልጣኝ ከሁለት ሳምንት በኋላ መጣ። ጢሙን የሚቆርጥ፣ ጥቁር ሰሌዳ ይዞ ሜዳ የሚገባ፣ ፈጣን ሰው ነው። መጀመሪያ ያደረገው ነገር ኳሷ ወደ ግራ መሄዷን ማቆም ነበር። ሁሉም በቀኝ ሆነ። አጫጭሮቹን የአንደኛ ዓመት ልጆች እየተቀባበሉ ከሥር እንዲገቡ አስተማራቸው። መጋቢት መጨረሻ ላይ አሸነፍን፤ በጨዋታ፣ በደንብ አድርገን። የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ አለቀሰ። ልጆቹ አዲሱን አሰልጣኝ ትከሻቸው ላይ አወጡት፤ ፎቶ አንሺ ስላልነበረ አንዱ ተማሪ በእጁ ካሜራ ሠርቶ «ቀጭ!» አለ፤ ሳቅን። እኔም ስቄአለሁ። አጨብጭቤአለሁም፤ እጆቼ እርስ በርስ ሲመታቱ አያቸው ነበር።

ሻይ ቤት እትዬ ለሁላችንም ፓስቲ አቀረበች። «አላልኳችሁም?» ይላል የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ፣ ድምፅ ስላልቀረው በሹክሹክታ። «አላልኩም? ትክክል አልነበርንም?»

«ትክክል ነበራችሁ» አለ የክፍል ጓደኛዬ። ይሄን ሲል ምንም ስላቅ አልነበረበትም።

ትክክል ነበርን። ፓስቲዬን በላሁ። ከዚያ ሐሙስ በኋላ ሜዳ መሄዴን ተውኩ። ተናድጄ አይደለም። ሐሙስ ሲመጣ እግሬ ወደ አውቶቡስ ፌርማታው ወሰደኝ፤ በቃ።

በሚያዝያ፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ አውቶቡስ ላይ ከጋሼ ጋር ተገናኘን። እኔ ወደ መገናኛ እየሄድኩ ነው፤ እሳቸው ነፍሳቸው የወጣ ኳሶች በጆንያ ይዘው ሊያስጠግኑ ይሄዳሉ። አጠገቤ ያለው መቀመጫ ባዶ ስለነበር እዚያ ተቀመጡ። ብነሳ የምሄድበት የለም፤ መስኮቱን ማየት ጀመርኩ።

«አንቺ የእንትና እኅት አይደለሽም?» አሉኝ። እንትና አላሉም፤ ስሙን ጠሩት። የአባቱን ስምም ጨመሩበት።

ከሰኔ ወዲህ ስሙን ጮክ ብሎ የጠራ ሰው ሰምቼ አላውቅም ነበር። ቤት ውስጥ እንኳ እናቴ «ልጁ» ነው የምትለው። ከፊታችን የተቀመጠች ሴት ዞር ብላ አየችን።

«ነኝ» አልኩ።

«ይጽፋል?»

«አይጽፍም።»

«እናትሽስ?»

«ደህና ናት።»

«ደህና ናት» ብለው ደገሙት፣ እንደማያምኑ ሆነው። ጆንያውን እግራቸው መሃል አስተካከሉ።

«ጋሼ፣ እኔ እጄን አውጥቻለሁ» አልኳቸው።

«አይቻለሁ። ሦስተኛው መደዳ ላይ ነበርሽ።»

«ይቅርታ።»

«የምን ይቅርታ? አምስት ወር አሸነፍኩ? አላሸነፍኩም። ልጁ ጎበዝ ነው፣ አዲሱ። አየሽው ሲሠራ?»

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አልኩ። እንዴት እንደደፈርኩ አላውቅም። «ኳሷን ወደ ግራ ጥግ ያስወረወሩት እሱን እየጠበቁ ነው? ወንድሜን?»

ግንባራቸውን ቋጠሩ። ጥያቄው በእውነት አልገባቸውም ነበር።

«ወደ ግራ? አይ ልጄ። እሱ ጨዋታ እኮ የድሮ ነው። እኔም ስጫወት ወደ ግራ ነበር። የእኔ አሰልጣኝ ያስተማረኝ እሱን ነው፤ እኔም እሱን አስተማርኩ። ወንድምሽ ሳይወለድ ጀምሮ ወደ ግራ ነው የምንወረውረው።»

«ባዶ መሆኑን እያዩ?»

«ይለምዱታል ብዬ ነዋ። የእኔ ጨዋታ ሆኖ አይደለም ጥሩ የነበረው፤ ወንድምሽ ጎበዝ ስለሆነ ነው። አሁን ነው እሱ የገባኝ፣ ዕቃ ቤት ቁጭ ብዬ።»

ዓመቱን ሙሉ አብሮኝ የሚያዝን አንድ ሰው አለ ብዬ ኖሬአለሁ። ያ ሰው ደካማ አሰልጣኝ ብቻ ነበር። አውቶቡሱ ጉድጓድ ሲያልፍ የፊቴን ወንበር ያዝኩ።

መገናኛ ደርሰን ስወርድ በመስኮቱ «ሲመጣ በይልኝ» አሉና የቀረውን ሞተሩ ዋጠው። ምን እንድለው እንደፈለጉ አልሰማሁም። ከመጣ አላሉም፤ ሲመጣ ነው ያሉት። መንገዱን ተሻገርኩ። ቤት ገብቼ ለእናቴ «ዛሬ ጋሼ አሰልጣኙ በስሙ ጠሩት» ልላት አስቤ ነበር፤ ምስር እየለቀመች አገኘኋት፤ አጠገቧ ቁጭ ብዬ አብሬያት ለቀምኩ።

በሚቀጥለው ዓመት ተማሪዎች ለሥልጠና ተጠሩና ኮሌጁ ተዘጋ። የክፍል ጓደኛዬም ሄደ፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ከስቶ ተመለሰ። ሜዳው ላይ የጭነት መኪና ቆመበት። ግንቦት ላይ መንግሥት ተለወጠ። ሰኔ ላይ ደግሞ ከሰሜን በእግራቸው የሚመጡ ወታደሮች መንገዱን ሞሉት፤ እናቴ በየቀኑ በር ላይ ትቆም ነበር። አንድ ቀን ወንድሜ ከመካከላቸው መጣ። መጀመሪያ አላወቅሁትም። እናቴ አወቀችው። እጁን ይዛ አስገባችው፤ በትግርኛ ነበር የምታናግረው። እኔ ቆሜ አየኋቸው። ያን ለት አለቅሳለሁ ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ውኃ ለማምጣት ወጣሁ።

ስለ ቅርጫት ኳስ አልጠየቀም። የአሰልጣኙን ነገር እኔ ነገርኩት፤ ደብዳቤውን፣ አዳራሹን፣ እጄን። በረንዳው ላይ ተቀምጦ ጢሙን እየላጨ ሰማኝ።

«ደህና አደረጋችሁ» አለ። «ጥሩ ሰው ናቸው። ማሰልጠን ግን አይችሉም።» ምላጩን ውኃ ውስጥ ነከረና መላጨቱን ቀጠለ።

አሁን የራሱ ታክሲ አለው፤ በመገናኛና በገርጂ መካከል ይሠራል። ሁለት ልጆች ወልዷል። ስለዚያ ሁለት ዓመት አንድም ቀን አውርቶኝ አያውቅም፤ እኔም አልጠየቅሁትም።

ጋሼ ያረፉት ከዚያ ብዙ ዓመት ቆይቶ ነው። ቤታቸው ገርጂ ነበር። ማሳው የነበረበት ሁሉ ቤት ሆኖ ስለነበር ሰፈሩን እየጠየቅሁ ነው ያገኘሁት። ወንድሜ «ነፍሳቸውን ይማር» አለ፤ ቀኑ የሥራ ቀን ስለሆነ ግን አልመጣም። ድንኳኑ ውስጥ ከማውቃቸው የነበረው የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ብቻ ነው። ፀጉሩ ሙሉ ለሙሉ ሸብቷል። ዙሪያውን ለከበቡት ወጣቶች እንደ እሳቸው ያለ አሰልጣኝ አገሪቱ አይታ እንደማታውቅ ይነግራቸዋል። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። እንደሚያምንበት ያስታውቃል። እኔን ሲያይ ንግግሩን ሳያቋርጥ ራሱን ነቀነቀልኝ።

ባለቤታቸው ጥግ ላይ ፍራሽ ላይ ተቀምጠዋል። ጎንበስ ብዬ ሳምኳቸው። እጄን ይዘው ፊቴን በደንብ አዩት።

«አንቺ ከተጫዋቾቹ ነሽ?» አሉኝ።

«አይደለሁም፣ እማማ። የኮሌጁ ተማሪ ነበርኩ። ጨዋታ ለማየት እመጣ ነበር።»

«እሱ ለተመልካቹም ይጨነቅ ነበር» አሉ። «ዝናብ ሲሆን፣ ዛሬ ማን ይመጣ ይሆን እያለ።»

አንዲት ሴት ሳህን አምጥታ ሰጠችኝ። «ብዪ እንጂ፣ ከሩቅ ነው የመጣሽው» አሉኝ። ከጎናቸው ቦታ ለቀቁልኝ። ተቀመጥኩና በላሁ።